መሬቱ ድኖ ነው ወይስ ሣሩ ችሎ?

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ተጠሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሣር ነው። ርእሱን ከመርሐ ግብሩ ላይ ያያችሁ አንዳንድ አባቶች በሻይ ሰዓት «ደግሞ ስለ ሣር ምን ይነገራል?» ብላችሁናል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበር። ሣር ማለት ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፣ ግቢውን የሚያለብስ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በጨረታ ተሸጦ ለሰበካ ጉባኤው ጥቂት ገቢ የሚያስገኝ ነገር እንጂ ጥናት የሚጠይቅ አይመስለንም ነበር። አሳባችንን የለወጠው የገዛ ራሳችን ስሕተት ስለሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

በከተማ ዳር ያለች አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አጥሯን ስታሰፋ አንድ ቁራሽ መሬት ወደ ግቢው ገባ። በዚያ ቦታ ላይ ቀድሞ አንድ ባትሪ ጠጋኝ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ፣ አሲዱን መሬት ላይ እየደፋ፣ እርሳሱን እያቀለጠ ይሸጥ ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱም የድምፅ ማጉያ ባትሪዎች ባረጁ ቁጥር እዚያው ይጣሉ እንደነበር በኋላ ሰምተናል። ቦታው ወደ ግቢው ሲገባ ራሰ በራ ነበር። ሦስት ክረምት እንዲሁ አለፈ። በአራተኛው ግን ከዳር ተነሥቶ ሰርዶ ወረሰው። እኛም ለፕሮጀክት ክትትል ሄደን አይተን ደስ አለን፤ በሪፖርታችንም «መሬቱ አገግሟል፤ ሣሩ ከቀሪው የግቢ ሣር ጋር ለሽያጭ ሊቀርብ ይችላል» ብለን ጻፍን። ሣሩ ታጨደ፤ የወተት ላም ለሚያረቡ ሁለት ምእመናንም ተሸጠ።

ሪፖርቱ በሰበካ ጉባኤው ፊት ሲነበብ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ እጃቸውን አወጡ። «ዲያቆን ልጄ፣ መሬቱ ድኖ ነው ወይስ ሣሩ ችሎ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። «እማሆይ፣ አጣርተን እንነግርዎታለን» ብለን ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ የአፈሩ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ተላከ፤ ውጤቱም ሲመጣ እርሳሱ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። አሲዱን ዝናብ አጥቦት ሊሆን ይችላል፤ እርሳስ ግን አይበሰብስም፣ አይተንም። ወደ ሁለቱ አርቢዎች ቤት ሄደን፣ የሆነውን ነግረን፣ የቀረውን ድርቆሽ ገንዘባቸውን መልሰን ወሰድን። በላሞቹ ላይ የታየ ሕመም አልነበረም፤ ይህ ግን በእኛ ጥንቃቄ የመጣ አልነበረም። በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን አላየም የሚባለው ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለን ነበር።

እማሆይ የጠየቁት ነገር ከሰባ ዓመት በፊት በሌላ አገር ተጠይቆ ነበር። በብሪታንያ ምዕራብ፣ በዌልስ፣ ለዘመናት እርሳስ፣ ዚንክና መዳብ ሲቆፈር ኖሯል። ማዕድኑ ከተወሰደ በኋላ የተረፈው አፈርና የድንጋይ ድቃቂ በየኮረብታው ሥር ተከምሮ ቀርቷል፤ በክምሩም ላይ አብዛኛው ተክል አይበቅልም። ይሁን እንጂ እዚህም እዚያም አግሮስቲስ የሚባል ቀጭን የግጦሽ ሣር ይታይበት ነበር። አንቶኒ ብራድሾ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ጎጊናን ከሚባል የእርሳስ ማዕድን ክምር ላይ ይህን ሣር ነቀለ፤ ከንጹሕ ግጦሽም ያንኑ ዓይነት ሣር ወሰደ፤ ሁለቱንም በማዕድኑ አፈር ላይ ተከላቸው። ከማዕድኑ የመጣው አደገ። ከግጦሹ የመጣው ሥር መስደድ አቅቶት ሞተ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1952 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ።

ሁለቱ ሣሮች በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ስማቸውም አንድ ነው። የተተከሉበት አፈርም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በሣሩ ውስጥ ነው። ለእማሆይ ያጣነው መልስ ይኸው ነበር፤ መሬቱ እንደ ታመመ አለ፤ የቻለው ሣሩ ነው።

እዚህ ላይ በንግግራችን በቀላሉ የምንስተው ነገር አለ። «ሣሩ መርዙን ለመደ» እንላለን፤ ደገኛ ቆላ ወርዶ ሙቀቱን ቀስ በቀስ እንደሚለምደው ማለት ነው። የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የብራድሾ ባልደረቦች ከንጹሕ ግጦሽ የተሰበሰበ የአግሮስቲስ ዘር በመዳብ በተበከለ አፈር ላይ በብዛት ዘሩ። ዘሩ በቀለ። ነገር ግን ቡቃያው ሥሩ ሳይረዝም እየገረጣ አለቀ። አረንጓዴ ሆነው የቆዩት ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚህ ጥቂቶች መዳብ ከማግኘታቸው በፊት ችሎታውን በዘራቸው ይዘው የመጡ ናቸው። በንጹሕ መሬት ላይ ጥቅም ስለሌለው ማንም ሳያውቀው በመካከላቸው ይኖራል፤ መርዝ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ያልቃል፤ እነርሱ ይቀራሉ፤ የሚቀጥለው ትውልድም ከእነርሱ ይወለዳል። ሊቃውንቱ ይህን ተፈጥሯዊ ምርጦሽ ይሉታል። የሌሎች አንዳንድ የሣር ዓይነቶች ዘር በዚያው አፈር ላይ ሲዘራ ግን አንድም የሚችል አልተገኘም። በዘራቸው ውስጥ የሌለውን መርዙ አይፈጥርላቸውም።

እንግዲህ በተመረዘ መሬት ላይ አረንጓዴ ነገር ስናይ የምናየው የተረፉትን ነው። ያለቁት አይታዩም፤ ወደ አፈር ተመልሰዋልና።

የችሎታው ድንበር ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚያስደንቅ ነው። ትሬሎጋን በሚባል የዌልስ የዚንክ ማዕድን አጠገብ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ውስጥ፣ በአንድ ወገን ዚንክ የሚችል፣ በሌላው ወገን የማይችል ያው አንድ ዓይነት ሣር ይገኛል። ነፋስ የአበባውን ብናኝ ከወዲያ ወዲህ ይወስደዋል፤ ሁለቱ ለምን አልተቀላቀሉም? አንደኛው ምክንያት፣ የሚችለው ሣር በንጹሕ መሬት ላይ ከሌላው ጋር ሲሻማ ይሸነፋል፤ ችሎታው ዋጋ ያስከፍለዋልና። ሁለተኛው፣ የማዕድኑ ሣር ከጎረቤቱ በሳምንት ያህል ቀድሞ ያብባል። ይህ የአበባ ጊዜ ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመዝግቦ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ቢታይ አልጠፋም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገርና የማዕድን ወሬ ነው የምትሉ አባቶች ትኖሩ ይሆናል። ቀረብ እናድርገው። በእንግሊዝ አገር ፕሬስኮት በሚባል ከተማ የመዳብ ማጣሪያ ፋብሪካ ነበረ። በዙሪያው ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው የሣር ሜዳዎች ነበሩ፤ አንዳንዱ ጥቂት ዓመት የሆነው፣ አንዳንዱም አሥርተ ዓመታት የቆየ። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በቆዩት ሜዳዎች ላይ ያለው ሣር መዳብን የመቻል አቅሙ ከፍ ያለ ነበር። ማዕድን የቆፈረ ሰው የለም፤ ከፋብሪካው የወጣው ብናኝ በቂ ነበር። እንደገና እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ማማዎች የተጻፈ አለ። ማማዎቹ እንዳይዝጉ በዚንክ የተለበጡ ናቸው፤ ዝናብ ዚንኩን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበ ወደ ሥራቸው ያወርደዋል። በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ በማማዎቹ ሥር ዚንክ የሚችል ሣር ተገኘ። በሁሉም ማማ ሥር ግን አይደለም። አንዱ ዓይነት ሣር በዚህኛው ሥር ችሎ በዚያኛው ሥር ያልቻለው፣ በአካባቢው ካለው ንጹሕ ሣር ውስጥ ችሎታውን የያዘ ዘር ባልነበረበት ቦታ ነው።

በዚንክ የተለበጠ ብረት ከእኛም ራስ በላይ አለ። አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያኖቻችን በቆርቆሮ የተከደኑ ናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣሪያው ዳር የሚወርደው ውኃ ጥቂት ዚንክ ይዞ በአንድ መስመር ላይ ይወድቃል። በሚቀጥለው ክረምት ከጣሪያው ዳር ሥር ያለውን መስመር ከመካከለኛው ግቢ ጋር አስተያዩት። ባዶ ሆኖ ብታገኙት ሁሉ ጥፋቱ የዚንክ ነው ማለታችን አይደለም፤ የውኃው ጠብታ ራሱ አፈሩን ይቦረቡረዋል፤ የሰውም እግር አለ። ዚንክም ለሰው እንደ እርሳስ የሚፈራ አይደለም። ይህን ያነሣነው ምእመናንን ለማስደንገጥ ሳይሆን፣ ስለ ብረትና ስለ አፈር ሲነገር ነገሩ ከግቢያችን ውጭ ብቻ እንዳይመስለን ነው።

ሰርዶም ከዚህ ነገር ውስጥ አለበት። በቻይና ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ዝቃጭ በተከማቸበት ቦታ የበቀለ ሰርዶ ከንጹሕ ቦታ ከመጣው ሰርዶ ጋር ተነጻጽሮ ብረቱን ይበልጥ የሚችል ሆኖ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ገበሬው ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው ሰርዶ በዚያም ያው ሰርዶ ነው።

ሣሩ እንዴት ይችላል የሚለውን በአጭሩ እንንገራችሁ። የሣር ሥር ብረቱን ፈጽሞ ላይነካው አይችልም። ከፊሉን በሥሩ ሕዋሳት ግድግዳ ላይ አጣብቆ ያስቀረዋል። የገባውን ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ባለች ጎተራ መሰል ከረጢት ውስጥ ይዘጋበታል፤ በዚያ ከታሰረ የሕዋሱን ሥራ አያውክም። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን የአርሴኒክ ነገር ነው። አርሴኒክ እንደ ብረታ ብረቱ ሳይሆን ሌላ ዓይነት መርዝ ነው፤ በአፈር ውስጥ ሲገኝ መልኩ ፎስፌት የተባለውን የተክል ምግብ ይመስላል፤ ስለዚህ ሥሩ ምግብ መስሎት በፎስፌት በር ያስገባዋል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ አሮጌ ማዕድን ቦታዎች ሆልከስ የሚባለው ሣር ይህን በር እጅግ አጥብቦ ተገኝቷል። ምግቡን እየቀነሰ ሞቱን ይቀንሳል። ይህንንም የሚወስነው በዋናነት አንድ የዘር ቅንጣት እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ሜሃርግና ማክኔይር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሳይተዋል። አንዱን ብረት የሚችል ሣር ሌላውን ይችላል ማለት ግን አይደለም። መዳብ የቻለው በዚንክ ሊሞት ይችላል።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ቄስ ያነሡት ጥያቄ ነበር፤ «ሣሩ መርዙን የሚጠጣ ከሆነ እያጨድን ብናቃጥለው መሬቱ አይነጻምን?» የብዙዎቻችን አሳብ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። ብረትን ከአፈር ስበው በቅጠላቸው የሚያከማቹ ዕፅዋት በዓለም ላይ አሉ፤ ሣሮች ግን በአብዛኛው ከእነርሱ ወገን አይደሉም። የሚችሉትም አብዛኛውን ብረት በሥራቸው አስቀርተው ወደ ቅጠል የሚያሳልፉትን በመቀነስ ነው። ስለዚህ እያጨድን ዓመታት ብንቆይ ከመሬቱ የምናወጣው እጅግ ጥቂት ነው። ብናቃጥለውም ያለው ብረት በአመዱና በጭሱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።

ታዲያ ብረቱ በሥር ከቀረ ቅጠሉን ላም ብትበላው ምን ይጎዳል? እኛም በላቦራቶሪው ውጤት ማግስት ራሳችንን ለማጽናናት ይህንኑ ብለን ነበር። ነገር ግን «አብዛኛው» ማለት «ሁሉም» ማለት አይደለም። ካድሚየምን የመሳሰለው ከእርሳስ ይልቅ በቀላሉ ወደ ቅጠል ይወጣል። ከዚህም በላይ ላም ሣር ስትግጥ ቅጠል ብቻ አትበላም፤ አፈርም አብሮ ይገባል፤ በተለይ በበጋ ሣሩ ሲያጥር ከነሥሩ ትነጭበታለች። በእጅ የታጨደም ቢሆን አቧራ ለብሶ ነው የሚመጣው። እርሳስ ከብትን እንደሚገድል፣ የተጣለ ባትሪም ዋና ምክንያት እንደሆነ የእንስሳት ሐኪሞች ያውቁታል። ከብት ሳይሞትም ወተቱ የሚሄደው ወደ ልጆች ነው፤ እርሳስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው።

በአዲስ አበባ የአቃቂን ወንዞች ተከትለው የሚኖሩ አጥቢያዎች ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ በገባበት ውኃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ብዙ ጊዜ ተጠንቶ ከባድ ብረቶች ተገኝተውበታል። ቅጠሉ ግን ለምለም ነው። ለበዓል ቤተ ክርስቲያን የሚጎዘጎዘው ቄጠማም፣ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ከሣር ወገን ባይቆጠርም፣ ከወንዝ ዳር የሚታጨድ ነው። ለጉዝጓዝ ይሁን፤ ከበዓል በኋላ ተጠርጎ ለከብት የሚሰጥ ከሆነ ግን ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደ ታጨደ ነጋዴውን መጠየቅ ተገቢ ይመስለናል።

ለመሆኑ የሚችል ሣር ጥቅም የለውምን? አለው፤ ጥቅሙ ግን ልብስ መሆን ነው። ብራድሾና ባልደረቦቹ ከአሮጌዎቹ ማዕድን ቦታዎች ዘር ሰብስበው አባዙ፤ ሦስቱ ዝርያዎች ለገበያ ቀርበዋል። ጎጊናን የተባለው አሲዳማ ለሆነ የእርሳስና የዚንክ ክምር ነው፤ መርሊን ኖራማ ለሆነው፤ ፓሪስ ማውንቴን የተባለው ደግሞ ለመዳብ ነው (ይህ የዌልስ ተራራ ስም ነው እንጂ የፈረንሳይ ከተማ አይደለም)። ክምሩ ምግብ የሌለው በመሆኑ ማዳበሪያ እየተጨመረ ተዘሩ፤ ያለበሱትም ክምር በነፋስ መብነኑና በጎርፍ መታጠቡ ቀነሰ። ማንም ግን መሬቱ ዳነ ብሎ አልጻፈም።

እነዚህ ዝርያዎች የዚያ አገር ብርድ ልጆች ናቸው፤ ወደዚህ እናምጣቸው አንልም። በእኛ አገር ለእርከን የምናውቀው ቬቲቨር አለ። ሥሩ ወደ ታች እስከ ሦስት ሜትር ሊወርድ ይችላል፤ በግንጣይ እንጂ በዘር ስለማይራባም ማሳ አይወርርም። በቻይና ሌቻንግ በተባለው የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ዝቃጭ ላይ ተሞክሮ አድጓል፤ አብዛኛውንም ብረት በሥሩ ያስቀራል። ቬቲቨር ለከብት መኖ ብዙም ተፈላጊ አለመሆኑ ለወትሮው እንደ ጉድለት ይነገርበታል፤ ለእንዲህ ያለው ቦታ ግን ይህ ጉድለት ጠቃሚ ነው።

በየአጥቢያችሁ የሚያጠራጥር ቦታ ካለ፣ ማለትም ባትሪ የተፈታበት፣ ጋራዥ የነበረበት፣ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚያልፍበት፣ ናሙና ሳይመረመር ሣሩን አታጭዱ፣ አትሽጡ፣ ጎመንም አትትከሉበት። ናሙና ስትወስዱ ከቦታው አሥር ያህል ነጥቦች ላይ እስከ ሃያ ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን አፈር ቆፍራችሁ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅሉና አንድ ኪሎ ያህል ላኩ። ባልዲው ቆርቆሮ አይሁን፤ ያ ራሱ ዚንክ ነውና ምርመራውን ያሳስታል። ከንጹሑ የግቢ ክፍል የተወሰደውን ለብቻው አድርጉ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ውጤቱ ለማንም አይጠቅምም። አሮጌ ባትሪ ያላችሁም ከዕቃ ቤት ጀርባ አትጣሉት፤ በጣሪያ ሥር በፕላስቲክ ገበታ ላይ አቆዩትና ንገሩን።

ያች አጥቢያ ቦታውን በእንጨት አጥራለች። ሰርዶው አልተነቀለም፤ ቢነቀል አቧራው ወደ ቅኔ ማሕሌቱ ይመጣ ነበር። ዝናቡ በሚወርድበት ታችኛው ዳር ሁለት ረድፍ ቬቲቨር ተተክሏል፤ አሲዳማ አፈር እርሳሱን ይበልጥ ስለሚፈታው ኖራ ተነስንሶበታል። ከጨረታው የቀረው ገቢ ለሰበካ ጉባኤው ቀላል አልነበረም፤ ሒሳብ ሹሙ አሁንም በየስብሰባው ያነሡታል፤ እውነታቸውን ነው። እማሆይ ጥያቄያቸው በቃለ ጉባኤው ላይ ከነስማቸው እንዲጻፍ ጠይቀው ተጽፎላቸዋል። ከሥሩም የእኛ አሮጌ ሪፖርት መሻሩ ሰፍሯል፤ ሁለተኛው ናሙና ከመስቀል በኋላ ይወሰዳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።